የአባቴ ሳምንት እና ያልታሰረው ውሻ

ውሻችን ጫማ ይሰርቅ ነበር፤ ያውም የግራውን ብቻ። ለማሳመር የምለው አይደለም፤ ቆጥሬዋለሁ። በአንድ ክረምት ከደጃፋችን ከወሰዳቸው አሥራ አንድ ጫማዎች አሥሩ የግራ ነበሩ። አሥራ አንደኛው የቀኝ ቦቲ ነው፤ እሱም ቢሆን ባለቤቱ ሲያወልቅ አዛውሮ አስቀምጦት ነበር። አያኝከውም፣ አይቀድደውም። ከበቆሎው ዳር ያስቀምጠውና አጠገቡ ተኝቶ ባለቤቱ በአንድ እግሩ እየነጠረ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሰውየው ሊያነሣው ሲያጎነብስ ነጥቆ አምስት እርምጃ ያህል ይሮጥና እንደገና ይተኛል። እናቴ ዱላ ይዛ ትወጣና ዱላውን ሳታነሣ መሳቅ ትጀምራለች።

«ሳቂ! አንቺ እየሳቅሽለት እኮ ነው የሚባልግ!» ይላል እንግዳው፣ ካልሲውን ጭቃ ውስጥ እየነከረ።

ስም አልነበረውም። አባቴ «ስም የሚወጣው ለክርስትና ነው» ስላሉ ማናችንም ደፍረን አላወጣንለትም። እናቴ «አንተ ሌባ» ትለዋለች፣ እኔ አፏጭለታለሁ። አባቴ ምንም አይሉትም። አጠገቡ ሲያልፉ እንደ ድንጋይ ዞር ብለው ያልፉታል።

ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ገባ ብሎ ነው። እኔ ከተማ ውስጥ ራዲዮ፣ ስልክና የሶላር መብራት እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ያገኘሁትን እየፈታሁ፣ የፈታሁትን በወረቀት እየሣልሁ፣ መልሼ እየገጠምሁ ነው የለመድሁት። ከዚያ የቀረ ጠባይ አለኝ፤ ያልተጻፈ ነገር የሆነ አይመስለኝም።

ውሻውን ያገኘሁትም በዚሁ ሥራዬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ፈረስ ቤት ከሚባለው የደጋ ከተማ በኩል የወረዱ አንዲት ድንች ሻጭ ራዲዮናቸውን ሊያሠሩ መጡ። ራዲዮኑን ከማዳበሪያ ውስጥ አውጥተው ሲሰጡኝ ማዳበሪያው ብቻውን ተነቃነቀ።

«እናት፣ ድንችዎ ይንቀሳቀሳል» አልኋቸው።

«እሱስ ድንች አይደለም ልጀ። እናቱ ሰባት ወልዳ፣ ስድስቱን ሰጥቸ የተረፈኝ ነው። ገበያየን እስክጨርስ ያዝልኝ።»

ማታ ተመልሰው ራዲዮናቸውን ወሰዱ። እሱን ረሱት፤ ወይም የረሱ መሰሉ። እኔም አላስታወስኋቸውም።

ቡናማ ነው፤ የቀኝ ጆሮው ጫፍ ብቻ ነጭ። ማታ ከከተማ ስመለስ አስፋልቱ ዳር ይጠብቀኛል። ብዙ ባጃጅ ያልፋል፤ እሱ ግን እኔ የተሳፈርሁበት ፍሬን ሲይዝ ብቻ ነው የሚነሣው። በኅዳር እናቴ በርበሬ ስታሰጣ ሙቀቱን ፈልጎ ሰሌኑ ላይ ይተኛል፤ አስነጥሶ አስነጥሶ ይነሣል፤ ዞሮ መጥቶ እዚያው ይተኛል። እናቴ «ለውሻ ይማርህ አይባልም» ትልና፣ ዞር ብላ ቀስ አድርጋ «ይማርህ» ትላለች።

አባቴ ቄስ ናቸው። ውሻ አይነኩም፣ እንዲነካቸውም አይፈቅዱም። እኔ ግን ውሻው ከሁላችን አብልጦ የሚወደው እሳቸውን እንደሆነ አውቅ ነበር። የእኔን ፉጨት ሲሰማ ጆሮውን ያነሣል። የአባቴ መቋሚያ መሬት ሲመታ ከሰማ ግን መላ ሰውነቱ ይነሣል። ይህ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እናቴ ሲጨርሱ እንዲቀምሱት ዳቦ በነጭ ጨርቅ ትቋጥርላቸዋለች። የፊት ጥርሶቻቸው ረግፈዋል፤ ቅርፊቱን ማኘክ አይችሉም። ቅርፊቱን ግን መልሰው አምጥተው አያውቁም። ይህን አይቻለሁ፤ አልጻፍሁትም።

ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ቄሶቿ ሦስት ናቸው። ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን መግባት አለባቸው፤ ከዚያ ካነሰ አይቀደስም። ስለዚህ ሦስቱ በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ፤ ሁለቱ ይገባሉ፣ አንዱ ያርፋል። የሚገባው ቄስ ራሱን ጠብቆ ነው የሚገባው። ከሰውነቱ አንዲት ጠብታ ደም ከፈሰሰች በዚያ ቀን መቅደስ አይገባም። ውሻው እያደገ፣ እየዘለለ ሲመጣ በቤታችን ሕግ ወጣ፤ የአባቴ ሳምንት ሲሆን ውሻው ይታሰራል፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ይለቀቃል። ሥራው የእኔ ሆነ።

በሶላር መብራት ካርቶን ጀርባ ላይ በማስመሪያ አስምሬ የሦስቱን ቄሶች ተራ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጻፍሁት፤ ከበሩ ጀርባም በሚስማር መታሁት። አባቴ አንድ ቀን ቆም ብለው አዩትና «ጽሕፈትህ ያምራል» አሉኝ። አባቴ ሰው የሚያወድሱ ሰው አይደሉም። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን ከሚገባው በላይ አመንሁት።

ነገሩ የሆነው በፍልሰታ ጾም ነው። በፍልሰታ በየቀኑ፣ ወደ እኩለ ቀን ግድም ይቀደሳል። አገር ምድሩ ይቆርባል፤ ጡት ያልተዉት ሕፃናት እንኳ ሳይቀምሱ ታዝለው ይመጣሉ። በዚያ ሳምንት እንደ ካርቶኑ አባቴ አራፊ ነበሩ። ረቡዕ ቀን ግን ከሚገቡት ቄሶች አንዱ ወንድማቸው አርፎ ወደ ፈረስ ቤት ለለቅሶ ሄዱ። ማታ ራት ላይ አባቴ እንዲህ አሉኝ።

«ነገ በሳቸው ፈንታ የምገባው እኔ ነኝ። ሰማህ?»

«እሽ» አልሁ። ያለው አፌ ነው። እጄ ላይ ሆዱ የተከፈተ ራዲዮ ነበር፤ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በብየዳ እያገናኘሁ ነበር። አባቴ ሳምንታቸው ሲሆን ብቻቸውን የሚያድሩባትን ትንሿን ቤት ከፍተው ሲገቡ የበሩን ሲጥታ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ግን ራዲዮኑ መናገር ጀምሮልኝ ነበር።

ጧት ካርቶኑን አየሁ። አራፊ ይላል። ውሻውን አላሰርሁትም።

ረፈድ ሲል ዝናቡ አባራ። አባቴ ነጭ ለብሰው ከትንሿ ቤት ወጡ። መቋሚያቸው መሬቱን ሲመታ ውሻው ከበቆሎው ዳር ብድግ አለ። የግቢያችን በር ሁለት አግዳሚ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። አባቴ የላይኛውን እንጨት ሲያነሡ እሱ ደርሶ በኋላ እግሮቹ ቆመና የፊት እግሮቹን በቀኝ ክንዳቸው ላይ አሳረፈ። አልጮኸም፣ አልነከሰም። ከዘመድ ጋር ሰላም እንደሚል ነበር። አባቴ ደንግጠው ክንዳቸውን ሲስቡ ጥፍሩ ከእጃቸው አንጓ በላይ አለፈ። ጭረቱ ከአንድ የገብስ ፍሬ አይረዝምም። ነጠላቸው ላይ አንዲት ጠብታ ወደቀች።

«አላሰርኸውም?» አሉኝ።

«የእርስዎ ሳምንት አይደለም እኮ…»

«ማታ ነገርሁህ።»

እንጨቱን መልሰው አስቀምጠው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ውሻውን አስሬ ተከተልኋቸው።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው፣ ከሦስቱ ቄሶች አንዱ የሆኑትን አለቃውን አስጠሩና እጃቸውን አሳዩዋቸው። አጠገባቸው የነበረ ዲያቆን ጠጋ ብሎ፣

«አባ፣ ደርቋል እኮ። ነጠላው ይሸፍነዋል» አለ በለሆሳስ።

«ደርቋል» አሉ አባቴ። «ፈሷልም።»

በዚያ ቀን ቅዳሴ ታጎለ። ሦስተኛው ቄስ ፈረስ ቤት ናቸው፤ ሌላ ቄስ ለመጥራት ቀኑ ሄዷል። እናቶች ያዘሉትን ሕፃን እያወረዱ፣ ባዶ ሆዱን የዋለ ልጅ እያባበሉ በጭቃው ተበተኑ። ከወንዙ ማዶ የልጅ ልጃቸውን አዝለው የመጡ አንዲት አሮጊት ግን ከበሩ ላይ አልነቃነቅ አሉ።

«ምን አገኘዎት ቄስየ?»

«ውሻ ቧጨረኝ» አሉ አባቴ። ይህንኑ ብቻ። «ልጄ ሳያስረው ቀርቶ» አላሉም። እኔ ከሦስት እርምጃ በማይርቅ ቦታ ቆሜ ነበር።

«በውሻ ቅዳሴ የታጎለበት አገር! ይህችን አዝየ ወንዝ የተሻገርሁት ለዚህ ነው?»

«ያበደ ውሻ ይሆናል» አለ አንዱ።

ኪሴ ውስጥ ከከብት ሐኪሙ የተሰጠኝ ወረቀት ነበር። አውጥቼ ዘረጋሁት። «አላበደም። ተከትቧል።»

«ክትባቱ ለቅዳሴ ይሆናል?» አለኝ ሰውየው። ወረቀቱን አጥፌ ወደ ኪሴ መለስሁት። ያን ቀን የተናገርሁት እሱን ብቻ ነው።

አለቃውና ሕዝቡ እዚያው ቆመው ወሰኑ። ካህን ቤት እንዲህ ያለ ውሻ አይኖርም ተባለ። ለለቅሶ የሄዱት ቄስ የእኅታቸው ልጅ በግ የሚጠብቅለት ውሻ ይፈልጋል፤ እሑድ ከአጎቱ ጋር ሲመጣ ይዞት ይሂድ ተባለ። እዚያ ውሻ በሰንሰለት ነው የሚውለው።

«ይሁን» አሉ አባቴ።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ውሻው ለምን እንደታሰረ የገባው አይመስልም። መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ገመዱን ነክሶ ጎተተው። ዓርብ ዕለት አንድ ጎረቤታችን ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ሲገባ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ሄዶ ቆመ። ለጫማው አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት ነበር። እግሩን ዘርግቶ ሞከረ፤ አልደረሰም። ከዚያ ጭንቅላቱን መሬት ላይ አድርጎ የግራውን ጫማ ብቻ ሲያይ ቆየ። እናቴ ይህን አይታ አልሳቀችም።

እኔ ሰው መሐል መናገር አልችልም። ከሦስት ሰው በላይ ሲያየኝ ድምፄ ይጠፋል። ከተማ ሥራዬ ላይ ተቀምጬ ምክንያት እየደረደርሁ ዋልሁ። ለውሳኔው አባቴ ተስማምተዋል። ውሻው ደግሞ እውነት ቧጭሯል። ከተናገርሁ አባቴንም የልጃቸውን ጥፋት የሸፈኑ አስመስላቸዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ቤት ስገባ እናቴ ከበሩ ጀርባ፣ ካርቶኑ ፊት ቆማ አገኘኋት። ማንበብ አትችልም።

«እዚህ ላይ ምን ይላል?» አለችኝ ጣቷን ቀስራ።

«አራፊ።»

«ረቡዕ ማታ አባትህ ሲነግሩህ እኔ ሰምቻለሁ። አንተም እሽ ብለሃል። የምናውቅ ሦስታችን ነን፤ የማያውቀው ውሻው ብቻ ነው። የሚሄደው ግን እሱ ነው።»

እሑድ ቅዳሴ አለቀ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ከግቢው ወይራ ሥር ተቀመጠ። ከፈረስ ቤት የመጣው ጎልማሳ አዲስ የናይለን ገመድ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። አለቃው ስለ መጪው በዓል ተናግረው ሲጨርሱ ካርቶኑን ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ ተነሣሁ።

«አንድ… አንድ ነገር ልናገር።»

«ይኸ ልጅ አፍ አለው እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «እኔ ዲዳ ነው ብየ ስንት ዓመት አዘንሁለት!»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ረዳኝ መሰለኝ፤ ሰዉ ሲስቅ አያየኝም ነበር።

«ሐሙስ ለት ጥፋቱ የውሻው አይደለም። የእኔ ነው። በአባቴ ሳምንት ውሻውን የማስር እኔ ነኝ። ተራውን ይህ ላይ ጽፌ እጠብቃለሁ። ረቡዕ ማታ አባቴ ነገ የምገባው እኔ ነኝ ብለው ነግረውኛል። እሽ ብያለሁ። ግን አልሰማሁም። ጧት ይህን አይቼ ሳላስረው ቀረሁ። ሰው ከነገረኝ ይልቅ የጻፍሁትን አመንሁ።»

ካርቶኑን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ለምን እንዳሳየሁ አላውቅም፤ ከሩቅ የሚያነበው ሰው አልነበረም። ከሴቶቹ በኩል የወንዝ ማዶዋ አሮጊት ድምፃቸውን አነሡ።

«ዛዲያ ውሻውን ምን አርግ ትሉታላችሁ? ልጁን እሰሩት እንጂ!»

«ገመዱስ ይኸውና» አለ የፈረስ ቤቱ ሰው፣ አዲሱን ገመድ ወደ ላይ እያነሣ። አለቃው ራሳቸው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ዞሩ፤ ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም።

«በአንተ አለመስማት ስንት ሕፃን ሳይቆርብ ተመለሰ። ስግደቱን ለብቻህ እነግርሃለሁ። እስከ ጾሙ ፍቺ ደግሞ በየቀኑ ወንዙ ድረስ ወርደህ የእናታችንን የልጅ ልጅ አዝለህ ታመጣታለህ።»

«እኔንስ ማን ሊያሻግረኝ ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«እርስዎንም ቢያዝል አይጎዳውም።»

«ውሻውስ?» አልሁ። ድምፄ አሁንም አለ።

አለቃው አባቴን አዩ። አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ አለቃው አሮጊቷን አዩ፤ ከሁሉ የተጎዱት እሳቸው ነበሩና።

«ይቀመጥ» አሉ አሮጊቷ። «ግን በሩን በር አርጉት። ሁለት እንጨት በር ነው?»

የፈረስ ቤቱ ሰው ገመዱን ወረወረልኝ። «እንካ፤ ከእኔ ይልቅ ለአንተ ያስፈልግሃል።»

ከአባቴ ጋር በበቆሎው መሐል ወደ ቤት ተመለስን። ከፊት እሳቸው፣ ከኋላ እኔ።

«ውሻው ለምን ክንዴ ላይ እንደወጣ ታውቃለህ?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«አላውቅም።»

«ዳቦ ነው። የጸበሉ አይደለም፤ እሱንስ አላደርገውም። እናትህ የምትቋጥርልኝ ነው። ቅርፊቱን አልችለውም። ሳምንቴ ባልሆነ ጊዜ ስመለስ ወረወርሁለት። አንድ ቀን እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ደስ አለኝ። ከዚያ እንዲህ ካልቆመ አልሰጠውም ነበር። ስይዝለት ነው ክንዴን የለመደው። ያለ ገመድ ሲያገኘኝ የዳቦው ቀን መሰለው።»

«ለምን ለሰዉ አልነገሩም?»

«ልናገር ስነሣ አንተ ቀደምኸኝ።»

ጥቂት ሄድን። መቋሚያቸው ሦስት አራት ጊዜ ጭቃውን ወጋ። ከዚያ ቆሙ።

«አይደለም» አሉ። «አልተነሣሁም ነበር። ነገ ለአለቃው እነግራቸዋለሁ።»

ያቺን ጭረት ከመቶ ሰው ፊት ያልደበቁ ሰው፣ አንዲት ቅርፊት ዳቦ ሁለት ዓመት ከእናቴ ደብቀው ነበር።

አግዳሚው እንጨት ዘንድ ስንደርስ ውሻው መቋሚያውን ሰምቶ ገመዱን ወጥሮ ቆሟል። አባቴ ከጉያቸው ነጩን ጨርቅ አውጥተው ፈቱትና ቅርፊቱን ቆርሰው ለእኔ ዘረጉልኝ።

«አንተ ስጠው። ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ሳምንት ነው።»

ልክ ነበሩ። ካርቶኑም እንዲያ ይላል።

ሄጄ ሰጠሁት። በጥርሱ ጫፍ ተቀብሎ ዋጠው፤ ዐይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም። በትከሻዬ በኩል አባቴን እያየ በኋላ እግሮቹ ቆመ፤ የፊት እግሮቹ የሚያርፉበት ክንድ አጥተው አየር ላይ ተንጠለጠሉ። አባቴ ከእንጨቱ ወዲያ ማዶ፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ቆመው ነበር።

«ተቀመጥ» አሉት።

ውሻውን ሲያናግሩት ስሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ተቀመጠ። ቃሉን ማን እንዳስተማረው አልጠየቅሁም።